«ሰበቃዊ» የተባለው ቅጽል፤ ትርጉሙና በንግድ ጽሕፈት ላይ ያለው አገልግሎት

የንግድ ደብዳቤ እንደ ወዳጅ ደብዳቤ አይደለም። በወዳጅ ደብዳቤ ላይ አንድ ቃል ያለ ቦታው ቢገባ አንባቢው ሐሳቡን ገምቶ በፍቅር ያልፈዋል። በንግድ ደብዳቤ ላይ ያለ ቦታው የገባ ቃል ግን ዕቃ ኾኖ በመርከብ ይመጣል፤ ቀረጥ ይከፈልበታል፤ መጋዘን ያጣብባል፤ በመጨረሻም ገዥ ያጣል። ስለዚህ የቃልን ትርጉም መመርመር የሰዋስው መምህራን ሥራ ብቻ ሳይኾን የነጋዴም ሥራ ነው።

ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን የምናቀርበው «ሰበቃዊ» ስለሚባለው ቅጽል ነው። ይህ ቅጽል በአማርኛም ኾነ በእንግሊዝኛ አጠራሩ «ፍሪክሽን» እየተባለ በዕቃ ማዘዣ፣ በፕሮፎርማና በጉምሩክ ዲክላራሲዮን ላይ ይገኛል። የመለዋወጫ ነጋዴ፣ የቅባትና የግራሶ ነጋዴ፣ የግንባታ መሣሪያ ሻጭ፣ ክብሪት አስመጪ፣ ቡና ላኪም ቢኾን ሳያገኘው አይቀርም። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የቃሉ ዘርና ትርጉም

«ሰበቃዊ» የተገኘው «ሰበቃ» ከሚለው ስም ሲኾን፣ ስሙም «ሰበቀ» ከሚለው ግሥ ይወጣል። ጦረኛ ጦሩን ሰበቀ ሲባል ለመወርወር ነቀነቀ ማለት ነው። ነገር ሰባቂ የሚባለውም በሁለት ሰዎች መካከል ወሬ እያመላለሰ የሚያጋጭ ሰው ነው። በትምህርት ቤት የሳይንስ መጻሕፍት ደግሞ ሰበቃ ማለት ሁለት የተነካኩ አካላት አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተት፣ ወይም ሊንሸራተት ሲል፣ እንቅስቃሴውን የሚቃወም ኀይል ነው። «ፍትጊያ» የመፋተጉ ድርጊት ስም ነው፤ «ሰበቃ» ግን በዚያ ድርጊት ጊዜ የሚነሣው ተቃዋሚ ኀይል ነው ብሎ መለየት ይቻላል።

በዚህ ስም ላይ እንደ «ሀገራዊ» እና «መንፈሳዊ» ያለው የቅጽል መድረሻ ሲጨመርበት «ሰበቃዊ» ይኾናል፤ ትርጉሙም «ከሰበቃ ጋራ ግንኙነት ያለው» ማለት ነው። አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው እዚህ ላይ ነው። ቅጽሉ ግንኙነት መኖሩን ይናገራል እንጂ ግንኙነቱ ምን ዓይነት እንደ ኾነ አይናገርም። ዕቃው ሰበቃን የሚፈልግ ነው? ወይስ ሰበቃን የሚሸሽ ነው? ወይስ በሰበቃ አማካይነት ሌላውን አካል የሚፍቅ ነው? ቅጽሉ ብቻውን ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ የለውም።

ቃሉ ለአንዳንድ ሰው እንግዳ ይመስል ይኾናል። ነገር ግን ሾፌሮቻችን ማርሽ ሲቀይሩ በግራ እግራቸው የሚረግጡትን መሣሪያ «ፍሪሲዮን» ይሉታል፤ ይህም ከኢጣልያንኛ የተወረሰ ቃል ሲኾን ትርጉሙ ራሱ ሰበቃ ነው። የእንግሊዝኛው «ፍሪክሽን»ም ከዚሁ ጋራ ከአንድ የላቲን ግሥ የመጣ ነው። እንግዲህ ሰበቃ በየጋራዡ ስሙ ሲጠራ የሚውል የቆየ ወዳጃችን ነው።

የነገሩ ባሕርይ

የሰበቃን ባሕርይ በሥርዓት ከመረመሩት ሰዎች መካከል በ1699 ዓ.ም. ጥናቱን ያቀረበው ፈረንሳዊው ጊዮም አሞንቶን፣ ከርሱም በኋላ በ1785 ዓ.ም. ሰፊ ጽሑፍ ያሳተመው ሻርል ኦጉስታን ኩሎም ይገኛሉ። ከግኝታቸው ለነጋዴ የሚጠቅመው በአጭሩ የሚከተለው ነው። ሰበቃ ጭነቱ በከበደ መጠን ይጨምራል። የተነካኩት ገጾች ስፋት ግን በአብዛኛው አይለውጠውም። የቆመን ነገር ከቦታው ለማስነሣት የሚያስፈልገው ኀይልም የተነሣውን ይዞ ለመሄድ ከሚያስፈልገው ይበልጣል።

የሁለት ገጾች ሰበቃ በአንድ ቍጥር ይገለጻል፤ እርሱም የሰበቃ መጠን ይባላል። ለምሳሌ ቍጥሩ 0.40 ቢኾን፣ በደልዳላ ወለል ላይ ያለ 100 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሳጥን ለመጐተት 40 ኪሎ ግራም የማንሣት ያህል ጕልበት ይፈልጋል ማለት ነው። ይህን ትንሽ ቍጥር ያስታወሰ ሰው ቀጥሎ ያለውን ሁሉ በቀላሉ ይረዳል።

1ኛ/ ሰበቃን የሚፈልጉ ዕቃዎች

በዚህ ክፍል ዋነኞቹ የፍሬን ሸራና የፍሪሲዮን ሸራ ናቸው። በእንግሊዝኛ ሰነድ ላይ «ፍሪክሽን ማቴሪያል» ተብለው የሚጻፉት እነዚህ ናቸው። «ሸራ» መባላቸውም ከነገሩ ጋራ የሚስማማ ነው፤ በ1897 ዓ.ም. በእንግሊዝ ሀገር ኸርበርት ፍሩድ የተባለ ሰው ሥራውን ሲጀምር የፍሬን ሽፋን ይሠራ የነበረው ከተሸመነ ጨርቅ ነበርና።

አስመጪው በዚህ ዕቃ ላይ ሦስት ነገሮችን ማወቅ አለበት።

መጀመሪያ፣ በብዙ የፍሬን ሸራዎች ጠርዝ ላይ ሁለት የላቲን ፊደላት ታትመው ይገኛሉ። በአሜሪካ የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር ደንብ መሠረት የመጀመሪያው ፊደል በተለመደ ሙቀት ጊዜ ያለውን፣ ሁለተኛው ደግሞ ሸራው በጋለ ጊዜ ያለውን የሰበቃ መጠን ያመለክታል። «ዲ» ከ0.15 እስከ 0.25፣ «ኢ» ከ0.25 እስከ 0.35፣ «ኤፍ» ከ0.35 እስከ 0.45፣ «ጂ» ከ0.45 እስከ 0.55 ማለት ነው። እንግዲህ «ኤፍ ኢ» የተባለ ሸራ ሲግል ኀይሉ የሚቀንስ ሲኾን፣ «ኤፍ ኤፍ» የተባለው ግን ሲግልም በዚያው ደረጃ የሚቈይ ነው። ሙሉ ጭነት ይዞ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ የጭነት መኪና ፍሬኑ ሳይግል አይደርስም። ስለዚህ ሁለተኛው ፊደል ለባለመኪናው የዋጋ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሾፌሩና የረዳቱ ሕይወት የተንጠለጠለበት ነው። ይኹን እንጂ ፊደላቱ የሚናገሩት የሰበቃን መጠን ብቻ እንጂ ሸራው ስንት ጊዜ እንደሚያገለግል፣ ወይም የዕቃውን አጠቃላይ ጥራት አይደለም። «ጂ ጂ» ስለ ኾነ ብቻ ከ«ኤፍ ኤፍ» ይሻላል ብሎ ለደንበኛ መናገር ተገቢ አይኾንም፤ ትክክለኛው ሸራ የመኪናው ፋብሪካ ያዘዘው ነው።

ሁለተኛ፣ የጉምሩክ ታሪፍ ቍጥር ነው። ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የተስማማ የዕቃዎች አመዳደብ ሥርዓት፣ በብረት ላይ ያልተለበጠ የፍሬንና የፍሪሲዮን ሸራ በአንቀጽ 68.13 ይመደባል። ነገር ግን ያው ሸራ በብረት ላይ ተለብጦ ለመኪና ፍሬን ተዘጋጅቶ ከመጣ የመኪና አካል ይኾንና በአንቀጽ 87.08 ሥር ይገባል። «ሰበቃዊ» የሚለው ቅጽል በሁለቱም ላይ ሊጻፍ ይችላል፤ የሚለያቸው «የተለበጠ» ወይም «ያልተለበጠ» የሚለው ሌላ ቃል ነው። ይህን ቃል በፕሮፎርማው ላይ ያላስጻፈ አስመጪ በጉምሩክ መጋዘን ደጃፍ ላይ ክርክር ይጠብቀዋል።

ሦስተኛ፣ ሸራው የተሠራበት ነገር ነው። ለብዙ ዘመን የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ከሚባል ማዕድን ይሠራ ነበር። የዚህ ማዕድን ብናኝ የሳንባ ነቀርሳና ሌላም የነቀርሳ በሽታ እንደሚያመጣ ዛሬ የታወቀ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሀገሮች ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ዕቃውን ፈጽመው ከልክለዋል፤ በአሜሪካም በ2024 ዓ.ም. በወጣ ደንብ ለመኪና ፍሬን እንዳይውል ተወስኗል። በታሪፉ ውስጥም አስቤስቶስ ያለበት ሸራ በ6813.20፣ የሌለበት የፍሬን ሸራ በ6813.81 ተለይቶ ይመዘገባል። ስለዚህ «አስቤስቶስ የሌለበት» የሚለውን ሐረግ በማዘዣው ላይ መጻፍ ከወረቀትና ከቀለም በቀር የሚያስወጣው ወጪ የለም፤ ፍሬን ከፍቶ አቧራውን በአየር ግፊት የሚያራግፈውን የጋራዥ ሠራተኛ ግን ከክፉ በሽታ ይጠብቀዋል።

2ኛ/ ሰበቃን የሚቀንሱ ዕቃዎች

እነዚህ ከላይ ካየናቸው ፍጹም ተቃራኒ ናቸው። በሰነድ ላይ «አንቲፍሪክሽን» ተብለው ይጻፋሉ፤ በአማርኛ «ፀረ ሰበቃ» ማለት ይገባል። ችኩል ጸሓፊ «አንቲ» የምትለውን መነሻ ቢዘነጋ ፍሬን የሚይዘው ዕቃና ጎማ የሚያሽከረክረው ዕቃ በአንድ ስም ይጠራሉ።

ከነዚህ መካከል የታወቀው ኩሽኔታ ነው። ኳስ ወይም በርሜል መሳይ ተሽከርካሪ ያለበት ኩሽኔታ በአንቀጽ 84.82 ሲመደብ፣ ተሽከርካሪ የሌለበት፣ ዘንጉ በቅባት ላይ እየተንሸራተተ የሚዞርበት ዓይነት ግን በአንቀጽ 84.83 ይገባል። በኩሽኔታ ላይ የተቀረጸው ቍጥርም የራሱ ቋንቋ አለው። ለምሳሌ 6205 በሚለው ቍጥር የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በ5 ሲባዙ የውስጡን ቀዳዳ ስፋት፣ ማለትም 25 ሚሊ ሜትር፣ ይሰጣሉ፤ ይህም ሕግ ከ04 ጀምሮ ባሉት ላይ ይሠራል። ከቍጥሩ በኋላ «ዜድ ዜድ» ቢል ግራና ቀኙ በብረት፣ «2 አር ኤስ» ቢል በላስቲክ የተከደነ ነው። በአቧራማ ሥፍራ ለሚሠራ ደንበኛ የላስቲኩ ክዳን አቧራን ይበልጥ ይከለክላል። «ፀረ ሰበቃ ብረት» የሚባል ዕቃም አለ፤ እርሱም አይዛክ ባቢት የተባለ አሜሪካዊ በ1839 ዓ.ም. ያስመዘገበው፣ ለኩሽኔታ መለበጫ የሚኾን ለስላሳ የብረት ቅልቅል ነው።

ቅባትና ግራሶም የዚሁ ክፍል ናቸው። 70 ከመቶ ወይም ከዚያ በላይ የነዳጅ ዘይት ያለበት ማለስለሻ በአንቀጽ 27.10፣ ከዚያ ያነሰው በአንቀጽ 34.03 ይመደባል። የግራሶ ውፍረት ከ000 እስከ 6 ባለው ደረጃ ይለካል፤ 000 እንደ ፈሳሽ የሚወርድ፣ 6 እንደ ሳሙና የጠጠረ ነው፤ ለመኪና ኩሽኔታ የተለመደው 2 ቍጥር ነው። «ጥሩ ግራሶ ይላክልን» ብሎ መጻፍ እንግዲህ ምንም እንዳልጻፉ ይቈጠራል።

የዚህ ክፍል ዕቃ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያድን ለመረዳት የሚፈልግ፣ በ1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ መንግሥት የወጣውን የፒተር ጆስትን ሪፖርት ያስታውስ። ሪፖርቱ የሀገሪቱ ኢንዱስትሪ ስለ ሰበቃና ስለ ማለስለሻ የታወቀውን ጥበብ በሚገባ ቢሠራበት በዓመት 515 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ሊድን እንደሚችል ገመተ። ስለ ሰበቃ፣ ስለ መበላትና ስለ ማለስለሻ የሚያጠናው ትምህርት «ትሪቦሎጂ» የሚለውን ስም ያገኘውም ያን ጊዜ ነው፤ ቃሉ መፋተግ ከሚል የግሪክ ቃል የተወሰደ ነው። ከዚያ ወዲህ በአንዳንድ የቅባት ማስታወቂያ ላይ «ትሪቦሎጂያዊ» የሚል ቅጽል ይታያል፤ ከ«ሰበቃዊ» የሰፋ እንጂ የተለየ ምሥጢር ያለው አይደለም።

3ኛ/ በሰበቃ የሚፍቁና የሚያቀጣጥሉ ዕቃዎች

የብርጭቆ ወረቀትና የመሞረጃ ድንጋይም በሰበቃ ይሠራሉ፤ ዓላማቸው ግን ሌላውን አካል መፋቅ ነው። ስለዚህ ለነርሱ «ሰበቃዊ» ከማለት «ፋቂ» የሚለው ቅጽል ይስማማቸዋል። የመሞረጃ ድንጋይ በአንቀጽ 68.04፣ በወረቀት ወይም በጨርቅ ላይ የተለጠፈው ደግሞ በአንቀጽ 68.05 ይገኛል። በጀርባው ላይ ያለው ቍጥር ሲያድግ ገጹ እየደቀቀ ይሄዳል፤ 40 እና 60 ሻካራ፣ 120 መካከለኛ፣ 220 እና ከዚያ በላይ ደቃቅ ናቸው። ቍጥሩ የበዛው ይበልጥ ይፍቃል ብሎ የሚያስብ ደንበኛ ስላለ ባለሱቁ ይህን ቢያስረዳው መልካም ነው።

ክብሪትም የሰበቃ ልጅ ነው። በእንግሊዝ ሀገር ጆን ዎከር የተባለ መድኃኒት ቀማሚ በ1827 ዓ.ም. መሸጥ የጀመረውን እንጨት ስሙን «የሰበቃ መብራት» ብሎት ነበር። ዛሬ በጭነት ሰነድ ላይ ሁለት ዓይነት ክብሪት ይለያል። በሣጥኑ ጐን ላይ ብቻ የሚጫረው የተባበሩት መንግሥታት የአደገኛ ዕቃ ቍጥሩ 1944 ነው። በማንኛውም ሻካራ ነገር ላይ የሚጫረው ግን ቍጥሩ 1331 ሲኾን በአውሮፕላን እንዳይጫን የተከለከለ ነው። «ክብሪት» ብቻ ብሎ የጻፈ ላኪ ጭነቱ ቢቆምበት ማንንም መውቀስ አይችልም።

ላኪዎችን ስለሚመለከት

ሰበቃ የአስመጪ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በመጋዘን የተደረደረን ጆንያ ከመንሸራተት የሚይዘው ሰበቃ ነው። ከጁት የተሠራው ጆንያ ገጹ ሻካራ ስለ ኾነ ድርድሩ ይጸናል፤ በተለምዶ «ማዳበሪያ» የምንለው ከፕላስቲክ ክር የተሸመነው ከረጢት ግን ልሙጥ ነውና ድርድሩ ከፍ ሲል ይንሸራተታል። ስለዚህ ሰሊጥ ወይም ቦሎቄ በፕላስቲክ ከረጢት የሚልክ ነጋዴ ድርድሩን ማጠላለፍ፣ ከፍታውንም መወሰን ይገባዋል። በኮንቴይነር ውስጥ ከጭነቱ በታች የሚነጠፍ የላስቲክ ንጣፍ በሰነድ ላይ «አንቲስሊፕ» ተብሎ ቢታይ፣ ሥራው ሰበቃን መጨመር መኾኑን ይወቁ።

በምጣኔ ሀብት ጽሑፍ ላይ ያለው ትርጉም

በኤኮኖሚ መጽሔቶች ላይ «ሰበቃዊ ሥራ አጥነት» የሚል አነጋገር ይገኛል። ይህም ሥራ ጠፍቶ ሳይኾን፣ ሠራተኛው ከአንዱ ሥራ ወጥቶ ሌላውን እስኪያገኝ፣ አሠሪውም የሚስማማውን ሰው እስኪያገኝ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ ነው። በገበያ ላይ ገዥና ሻጭ ሳይገናኙ የሚያሳልፉት ጊዜ፣ ለወረቀትና ለመመላለስ የሚወጣው ወጪ ሁሉ «የገበያ ሰበቃ» ይባላል። ምሳሌው ከመኪና የተወሰደ መኾኑን ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

በአጻጻፍ ላይ የሚደረግ ጥንቃቄ

አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ ለጭነት መኪና የሚኾን የፍሪሲዮን ዲስክ ፈልጎ በማዘዣው ላይ «ፍሪክሽን ፕሌት» ብቻ ብሎ ጻፈ። የደረሰው ዕቃ የሞተር ብስክሌት ፍሪሲዮን ስስ ቀለበት ነበር። ላኪው በበኩሉ የላክሁት ዕቃ ስሙ ይኸው ነው አለ፤ አልተሳሳተምም። ገንዘቡም በሌተር ኦፍ ክሬዲት ተከፍሎ ነበር። በዓለም አቀፍ የንግድ ምክር ቤት ደንብ፣ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት ቍጥር 600፣ አንቀጽ 5 መሠረት ባንኮች የሚመለከቱት ሰነድን እንጂ ዕቃን አይደለም። በኢንቮይሱ ላይ ያለው የዕቃ መግለጫ በሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ላይ ካለው ጋራ ከተስማማ ባንኩ ይከፍላል። ቅጽሉን ያጐደለው ገዥው ስለ ኾነ ጕዳቱም የገዥው ኾነ።

ስለዚህ «ሰበቃዊ» የሚል ቃል ባለበት ማዘዣ ላይ ሁሉ አራት ነገሮች ተጨምረው ይጻፉ፤
ሀ/ ዕቃው ሰበቃን የሚፈልግ፣ የሚቀንስ ወይም በሰበቃ የሚፍቅ መኾኑ፣
ለ/ የተሠራበት ነገር፣ በተለይም አስቤስቶስ የሌለበት መኾኑ፣
ሐ/ በብረት ላይ የተለበጠ ወይም ያልተለበጠ መኾኑ፣
መ/ መለኪያው፣ ማለትም ፊደሉ፣ ቍጥሩ ወይም ደረጃው፣ ከመኪናው ዓይነትና ከፋብሪካው የመለዋወጫ ቍጥር ጋራ።

«ሰበቃዊ ሰሌዳ፣ 200 ፍሬ» የሚለው ያልተሟላ አጻጻፍ ነው። «ለጭነት መኪና የኋላ ፍሬን የሚኾን ሸራ፤ በብረት ላይ ያልተለበጠ፤ አስቤስቶስ የሌለበት፤ የሰበቃ ምልክቱ ኤፍ ኤፍ፤ የመኪናው ዓይነትና የመለዋወጫው ቍጥር በአባሪው እንደ ተመለከተው፤ 200 ፍሬ» የሚለው ግን የተሟላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት መስመር ጽሕፈት ነው።

የታሪፍ መጣኔ በየጊዜው ስለሚሻሻል፣ አንባቢዎቻችን አንቀጹን ካወቁ በኋላ የቀረጡን ልክ በሥራ ላይ ካለው የጉምሩክ ታሪፍ መጽሐፍ እንዲያረጋግጡ በማክበር እናሳስባለን።